የሕመምተኛው የንባብ ችሎታና የጤና ጽሑፉ ክብደት፦ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የመለካት ዝርዝር መመሪያ

ከመድኃኒት መስጫው መስኮት የሚመለስ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጽሑፎች ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እነሱም በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የሰፈረው አወሳሰድ፣ የቀጠሮ ካርዱና ስለ ሕመሙ የተዘጋጀው በራሪ ወረቀት ናቸው። ሦስቱም የተጻፉት ሕመምተኛው ያነባቸዋል፣ አንብቦም ይረዳቸዋል ተብሎ ነው። ይህ እምነት ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሰውየው ምን ያህል ማንበብ እንደሚችልና ወረቀቱ ምን ያህል የማንበብ ችሎታ እንደሚጠይቅ መለካት ያስፈልጋል። ሁለቱ ለየብቻ ተለክተው ለየብቻ ከተቀመጡ ጥቅማቸው ትንሽ ነው፤ ትርጉም የሚሰጡት ጎን ለጎን ቀርበው በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲታይ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ሥራ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ በአማርኛ ለተጻፉ ወረቀቶች፣ በጥቂት ባለሙያና በትንሽ ወጪ እንዴት ማከናወን እንደሚቻል ያሳያል።

የችግሩን መጠን ለዓለም ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመው ነው። በአትላንታና በሎስ አንጀለስ አካባቢ በሚገኙ ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች 2,659 ሕመምተኞች በዚያው በሆስፒታሉ የሚሠራባቸው ወረቀቶች ተሰጥተዋቸው ሲፈተኑ፣ 41.6 በመቶዎቹ መድኃኒትን በባዶ ሆድ ስለ መውሰድ የተጻፈውን መመሪያ አልተረዱትም፤ 26 በመቶዎቹ የሚቀጥለው ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ ከወረቀቱ ማወቅ አልቻሉም፤ 59.5 በመቶዎቹ ደግሞ የተለመደውን የስምምነት ቅጽ መረዳት አቅቷቸዋል። ይህን ጥናት የማነሳው ቁጥሩ ለእኛም ይሠራል ለማለት ሳይሆን አካሄዱ ለሥራችን ስለሚጠቅም ነው። አጥኚዎቹ ሰዎቹን የፈተኑት በልብ ወለድ ጽሑፍ ወይም በትምህርት ቤት ምንባብ አልነበረም፤ ሕመምተኛው በዕለት ኑሮው በሚያጋጥመው በራሱ ወረቀት ነበር። እኛም የምንከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀቶቹን መሰብሰብ

ሥራው የሚጀምረው ከመደርደሪያ ሳይሆን ከሕመምተኛው እጅ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ከካርድ ክፍል ጀምሮ እስከ መድኃኒት መስጫው ድረስ ለሕመምተኛ የሚሰጠውን እያንዳንዱን ወረቀት አንድ አንድ ቅጂ ይሰብስቡ። በእጅ የተጻፈውን የአወሳሰድ ምልክት፣ የቀጠሮ ካርዱን፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈረመውን ቅጽና በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያም አይተዉ። በመደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ፣ ለማንም የማይሰጥ መጽሔት መለካት ጊዜ ማባከን ነው።

ከተሰበሰበው ውስጥ ለመጀመሪያው ዙር ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይምረጡ። የመምረጫው ጥያቄ «ይህን ወረቀት በስሕተት የተረዳ ሰው ምን ይደርስበታል?» የሚለው ይሁን። በእኔ እምነት የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ወረቀቶች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ለብዙ ዓመታት ቤታቸው ውስጥ በራሳቸው ኃላፊነት የሚወስዱ ናቸው፤ አጠገባቸው የሚያርማቸው ባለሙያ የለም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የስኳር መጠኑ ሲወርድ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረውን አንቀጽ በተሳሳተ መንገድ ከተረዳው የሚከፍለው ዋጋ ሕይወቱ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ አንባቢዎቹን ማወቅ

በካርዱ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚል ቦታ ስላለ ያንን አይቶ መደምደም ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰው የተማረበት ክፍልና ዛሬ ያለው የንባብ ችሎታ አንድ አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ችሎታው ከክፍሉ ብዙ ዝቅ ይላል። በእኛ አገር ደግሞ ልዩነቱን የሚያሰፉ ሁኔታዎች አሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ብዙ እናቶችና አባቶች ዛሬ በክትትል ክፍሎቻችን ወንበር ላይ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን፤ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ የምስክር ወረቀታቸውንም በክብር ያስቀመጡ አሉ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር በእጃቸው ስላልገባ ችሎታው ከብዙዎቹ ሸሽቷል። በካርዱ ላይ «ማንበብና መጻፍ የሚችል» የሚል ሐረግ የሚጻፍላቸው እነዚሁ ናቸው።

የአገር አቀፍ ቁጥርም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 42 በመቶዎቹ፣ ከወንዶቹ 69 በመቶዎቹ ማንበብ ይችላሉ ተብለው ተመዝግበዋል። በዚህ ጥናት በትምህርቱ የገፋ ሰው ሳይፈተን ማንበብ እንደሚችል ይቆጠራል፤ ሌላው በካርድ ላይ የተጻፈ አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ይቀርብለትና ከፊሉን እንኳ ካነበበ ይችላል ይባላል። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር በከፊል ማንበብና የሁለት ገጽ የኢንሱሊን መመሪያ አንብቦ በሥራ ላይ ማዋል በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የአገር አቀፉን ቁጥር ለራስዎ ክፍል እንደ መልስ አይውሰዱት።

ለመለኪያ የሚሆኑ ሰዎችን ሲመርጡ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ሕመምተኞችን በመጡበት ተራ ይውሰዱ፤ ፊታቸው ደስ ያለዎትን ወይም ቀለም የቀመሱ የሚመስሉትን እየመረጡ አይጥሩ። ቀኖቹን ይለዋውጡ። የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሕመምተኛ በሌላው ቀን ከሚመጣው የከተማ ነዋሪ የተለየ ነው፤ በአንድ ቀን ብቻ የተሰበሰበ መረጃ የክፍሉን እውነተኛ መልክ አያሳይም። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው ከሆነም በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንደሚቀለው ይጠይቁና ይመዝግቡ፤ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ በደንብ የሚያነብን ሰው በአማርኛ ወረቀት ለክቶ «ማንበብ አይችልም» ማለት ስሕተትም በደልም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚሻው አጠያየቁ ነው። ማንበብ አለመቻል በሰው ልብ ውስጥ የሚደበቅ ኀፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የማንበብ ችግር እንዳለባቸው ካመኑት ሕመምተኞች መካከል ከ3ቱ 2ቱ ያህል ይህንን ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ ነግረው እንደማያውቁ አሳይቷል። በእኛም ዘንድ «መነጽሬን ቤት ረስቼው»፣ «ልጄ ታነብልኛለች»፣ «ቤቴ ገብቼ ረጋ ብዬ አየዋለሁ» የሚሉት መልሶች አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴም መሸፈኛ ናቸው። ስለዚህ በሕዝብ ፊት፣ በወረፋ መካከል፣ «ማንበብ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም። ለብቻ በሆነ ክፍል ቁጭ አድርገው እንዲህ ይበሏቸው፦ «እናቴ፣ ይህንን ወረቀት እንደገና ልናሳትመው ነው። ከባድ የሆነውን ቃል ነቅሰን ማውጣት ስለፈለግን ነው ያስቸገርንዎት። የሚፈተነው ወረቀቱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ቢደክሙ ወይም ባይፈልጉ መተው ይችላሉ፤ ሕክምናዎ ላይ አንዳች ለውጥ የለውም።» ይህ አነጋገር ሰውን ለማባበል የተፈጠረ አይደለም፤ የሥራው ትክክለኛ ዓላማም ይኸው ነው። ፈቃዳቸውን ከሰጡ በኋላ «የሐኪም ቤት ቅጽ ሲሰጥዎ ብቻዎን ይሞሉታል ወይስ ሰው ይረዳዎታል?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ብዙ ነገር ይነግራል፤ ለዚህ ተቀራራቢ የሆነ ጥያቄ በውጭ አገርም በሕክምና ክፍሎች ውስጥ ይሠራበታል።

ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ዓይንን መመርመር አይዘንጋ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው በቅርብ ያለ ጽሑፍ ቢደበዝዝበት የተለመደ ነው፤ ስኳር ደግሞ በራሱ ዓይንን ይጎዳል። በወረቀቱ የፊደል መጠን የተጻፈች አንዲት መስመር አሳይተው በግልጽ ይታያቸው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከተቻለም ሁለት ሦስት ዓይነት የማንበቢያ መነጽር በጠረጴዛው ላይ ያኑሩ። አለዚያ የሚለኩት የዓይንን ድካም ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ጮክ ብሎ በማስነበብ አለመታለል

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በስፋት የታወቀ አንድ ፈጣን መለኪያ 66 የሕክምና ቃላትን በዝርዝር አቅርቦ ሕመምተኛው በትክክል የጠራቸውን ይቆጥራል። በእንግሊዝኛ ይህ የሚሠራው የቃሉ አጻጻፍና አጠራር ስለሚለያይ፣ ቃሉን ከዚህ በፊት የማያውቀው ሰው ሲጠራው ስለሚሰናከል ነው። በአማርኛ ግን ፊደል የቆጠረ ሰው ትርጉሙን ፈጽሞ የማያውቀውን ቃል እንኳ አንድ በአንድ ሊጠራው ይችላል። ዳዊት የሚደግሙ አባት «ኮሌስትሮል»ን ወይም «ሃይፖግላይሴሚያ»ን ሳይደናቀፉ ያነቡታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግዕዙን በዜማ አንብቦ ትርጉሙን ለሊቃውንት መተው ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም።

ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው የስፓንኛ ቋንቋ አጥኚዎች ናቸው። ስፓንኛም እንደተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ዝርዝር መተርጎም እንዳልበቃ ተረድተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሌላ መለኪያ አቀረቡ፤ በዚህ መለኪያ ሕመምተኛው 50 ቃላትን ካነበበ በኋላ ለእያንዳንዱ ከሁለት ቃላት በትርጉም የሚቀርበውን ይመርጣል። በአማርኛ አጭር መለኪያ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው መከተል ያለበት ይህንን መንገድ ነው፤ ለምሳሌ «ኩላሊት» የሚለውን ካስነበቡ በኋላ «ሽንት» ወይስ «ሳል» ከሚሉት የትኛው እንደሚቀርበው መጠየቅ፣ «አላውቅም» የሚል ምርጫም መስጠት።

ከዚህ ጋር የፊደላችን አንድ ጠባይ መታወስ አለበት። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም፤ «አለ» እና «ገና» እንደ አገባባቸው ሁለት ሁለት ትርጉም አላቸው። የለመደ አንባቢ ከዐውዱ ወዲያው ይለየዋል፤ ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ሰው ግን ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ዐውዱን መሐል መንገድ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ለዚህ አንባቢ የዓረፍተ ነገር መርዘም በሌላ ቋንቋ ከሚኖረው ጉዳት የበለጠ ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 4፦ የወረቀቱን ክብደት መቁጠር

በዓለም ላይ የታወቁት የተነባቢነት ቀመሮች፣ ማለትም ጽሑፍ ለማንበብ ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር የሚገምቱት ስሌቶች፣ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። የሩዶልፍ ፍሌሽ ቀመር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ ሃሪ ማክላፍሊን በ1969 ያወጣው «ስሞግ» የሚባለው ቀመር ደግሞ በ30 ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ክፍለ ቃላት ያላቸውን ቃላት ይቆጥራል። ኤድዋርድ ፍራይ የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ የጽሑፍን ክብደት የሚያሳየውን ስመ ጥር ግራፉን መጀመሪያ የነደፈው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ በነበረበት ጊዜ፣ ለእንግሊዝኛ መምህራን ነበር። እነዚህን በአማርኛ ላይ እንዳሉ መጫን ትርጉም የለውም። በእንግሊዝኛ ሦስት ክፍለ ቃል ያለው ቃል ከበድ ያለ ነው፤ በአማርኛ ግን «ይመጣል» የሚለው ሕፃን የሚያውቀው ቃል ሦስት ክፍለ ቃል አለው። ኮምፒውተር ለአማርኛ ጽሑፍ የዚህን ዓይነት ቁጥር ቢያወጣልዎ አይመኑት።

ይልቁንስ የራስዎን ሚዛን ያዘጋጁ፤ ሥራው ከሚመስለው ይቀላል። የ4ኛ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍትን ያግኙ። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ቃላት ያሉትን አንድ አንድ ምንባብ ይምረጡ። በእያንዳንዱ ምንባብ ውስጥ በአማካይ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል እንዳለው፣ አንድ ቃል በአማካይ ስንት ፊደል እንዳለው፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ፊደል ያላቸው ቃላት ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። ከዚያ የጤናውን ወረቀት በዚያው መንገድ ቆጥረው ከየትኛው ክፍል ጋር እንደሚቀራረብ ይመልከቱ። በአማርኛ ረጅም ቃል ማለት ባብዛኛው ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን በአንድነት የተሸከመ ቃል ስለሆነ የፊደል ብዛት ጥሩ ምልክት ነው።

አንድ ምሳሌ እንቁጠር። በክትትል ክፍል ወረቀቶች ላይ የተለመደው አጻጻፍ ይህንን ይመስላል፦ «የደም ግፊት መቆጣጠሪያ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ወይም መጠናቸውን መቀየር በልብ፣ በኩላሊትና በአንጎል ላይ የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል የሕመም ምልክት ባይታይብዎትም እንኳ ክትትልዎን ሳያቋርጡ መቀጠል ይኖርብዎታል።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር 27 ቃላት አሉት፤ በአንድ ቃል በአማካይ 4.4 ፊደል ይደርሳል፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ፊደል ያላቸው ቃላት 8 ናቸው። ዋናው ግሥ የሚገኘው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው፤ አንባቢው 26 ቃላት ተሸክሞ ሳይጥል እዚያ መድረስ አለበት።

ከዚህ ቆጠራ ጎን ለጎን ቀመር የማይዛቸውን አራት ነገሮች በቀይ እስክሪብቶ ያስምሩባቸው። የመጀመሪያው አሉታ ነው፤ ከላይ ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ያለ»፣ «ባይታይብዎትም» እና «ሳያቋርጡ» የሚሉ ሦስት አሉታዎች አሉ። «ካልታዘዘልዎ በስተቀር አይውሰዱ» የሚለው ድርብ አሉታም ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ሁለተኛው የሙያ ቃል ነው፤ በፊደላችን ስለተጻፈ ብቻ አማርኛ አይሆንም።

ሦስተኛው ሰዓትና ቀን ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። «በየ8 ሰዓቱ» ተብሎ የተጻፈን ትእዛዝ «8 ሰዓት ላይ» ብሎ የተረዳ ሕመምተኛ በቀን ሦስት ጊዜ መውሰድ ያለበትን መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከቀትር በኋላ ይወስዳል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ከሚኖር ዘመድ የተላከ መድኃኒት ላይ «8 ሰዓት ጠዋት» ተብሎ በቀጥታ ተተርጉሞ ከተጻፈም በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑን አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ቀጠሮው በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ የማይገልጽ ካርድም በተመሳሳይ ሁኔታ ያሳስታል። አራተኛው ከኑሮ ጋር የማይገጥም ትእዛዝ ነው። «ከቁርስ በኋላ ይውሰዱ» የሚለው በቃል ደረጃ ማንም የሚረዳው ነው፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ወይም በረመዳን ለሚጾም ሰው ግን ቁርስ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውየው አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ሳይወስድ ይውላል።

ደረጃ 5፦ በባዶ ቦታ ሙሌት ሁለቱን በአንድ ጊዜ መለካት

ቆጠራው ስለ ወረቀቱ ይነግረናል፤ ስለ ሰውየው ግን ገና ምንም አላልንም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው «ክሎዝ» የሚባለው ዘዴ ነው። ዊልሰን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረበው ይህ ዘዴ ከጽሑፉ ውስጥ እየተቆጠረ አንድ አንድ ቃል ያወጣል፤ አንባቢው ከዐውዱ ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላል። ጽሑፉን የተረዳ ሰው ባዶውን ይሞላዋል፤ ፊደሉን ብቻ የጠራ ሰው አይሞላውም። በዚህ መመሪያ ውስጥ ጊዜ ቢያጥርዎ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህንን ደረጃ ብቻ እንዲሠሩ እመክራለሁ።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ከወረቀቱ ላይ ወደ 200 ቃላት ያለውን ተከታታይ ክፍል ይውሰዱ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳይነኩ ይተዉ። ከዚያ እየቆጠሩ በእኩል ርቀት አንድ አንድ ቃል ያውጡና በምትኩ ሁሉም እኩል ርዝመት ያለው መስመር ያስምሩ። በእንግሊዝኛ የተለመደው በየአምስተኛው ቃል ማውጣት ነው። የአማርኛ አንድ ቃል ግን በእንግሊዝኛ ሦስትና አራት ቃላት የሚሸከሙትን ስለሚይዝ፣ በየአምስተኛው ከወጣ የሚቀረው አጽም ብቻ ነው፤ በየሰባተኛው ማውጣት ይሻላል። በዚህ መንገድ ወደ 25 የሚጠጉ ባዶ ቦታዎች ይገኛሉ፤ ለታመመ ሰው ከዚህ በላይ ማብዛትም አይገባም። «ይህ ቃል ቀላል ነው፣ ያኛው ይከብዳል» እያሉ በምርጫ ማውጣት መለኪያውን ያበላሸዋል፤ ቆጠራው የወደቀበት ይውጣ።

ሕመምተኛው ራሱ እንዲጽፍ አያስገድዱት። ብዙ ሰው አንብቦ መረዳት እየቻለ እጁ ለመጻፍ ይከብደዋል። እሱ በልቡ ያንብብ፣ መልሱን በቃሉ ይናገር፣ እርስዎ ይጻፉ። በመጀመሪያ ከወረቀቱ ውጭ በሆነ ቀላል ምሳሌ ያለማምዱት፤ «ዝናብ ሲዘንብ ____ ይዤ እወጣለሁ» የሚል አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሰዓት አይያዙ። አንድ ቃል ሲያቅተው ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ያሳልፉት፤ ፊትዎ ላይም ምንም ምልክት አይታይ።

እርማቱ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ተቀራራቢ መልስ ይያዛል ወይስ አይያዝም የሚለው ነው። የዘዴው ጥንታዊ ሕግ የወጣውን ቃል ራሱን ብቻ ይቀበላል፤ ጥቅሙም አራሚው ማን ቢሆን ውጤቱ አለመለወጡ ነው። ለአማርኛ ግን አንድ ማሻሻያ ያስፈልጋል፦ ግሡ ያው ሆኖ በአክብሮት፣ በጾታ ወይም በቁጥር ብቻ ከተለየ፣ ለምሳሌ «ይውሰዱ» በሚለው ቦታ «ውሰድ» ቢል፣ ትክክል ተብሎ ይያዝ። «ሐኪም» በሚለው ቦታ «ዶክተር» ቢል ግን እንደ ሕጉ አይያዝም፤ ለሁሉም እኩል እስከተሠራበት ድረስ ንጽጽሩን አያዛባም። በሌላ በኩል «መድኃኒቱን ከምግብ ____ ይውሰዱ» በሚለው ውስጥ «በፊት» የሚልም «በኋላ» የሚልም ሰው ሰዋስው አላበላሸም፤ ከበላይ ያለውን አንቀጽ የተረዳው ብቻ ነው ትክክለኛውን የሚለው። እንዲህ ያሉ ባዶ ቦታዎች ላይ የሚሰጡትን የተሳሳቱ መልሶች በሙሉ ለብቻ ጻፏቸው፤ ወረቀቱን እንደገና ስትጽፉ ከነጥቡ ይልቅ የሚጠቅሟችሁ እነሱ ናቸው።

ነጥቡን ወደ መቶኛ ይቀይሩ። በእንግሊዝኛ በስፋት የሚሠራበት አከፋፈል ከ60 በመቶ በላይ ያገኘ ሰው ጽሑፉን ብቻውን አንብቦ ይረዳል፣ ከ40 እስከ 60 ያገኘ ማብራሪያ ሲጨመርለት ይረዳል፣ ከ40 በታች ያገኘ ጽሑፉ ከአቅሙ በላይ ነው የሚል ነው። ይህ ድንበር ለአማርኛ እንዳለ ይሠራል ብሎ መቀበል ስለማይገባ፣ ለእነዚያው ሰዎች ከ4ኛና ከ6ኛ ክፍል መጽሐፍ የተዘጋጀ ተመሳሳይ ምንባብም ይስጧቸው። ሰው እንዳይደክም የጤናውን ወረቀት በአንዱ ቀጠሮ፣ የመጽሐፉን ምንባብ በሚቀጥለው ማድረግ ይቻላል። የመማሪያ መጽሐፉ ድንበሩ የቱ ጋ እንደሚወድቅ የሚያሳየን መስታወት ነው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ

አሠራሩን ለማሳየት ያህል ብቻ ቁጥሮችን እንፍጠር። 60 ሕመምተኞችን አነጋገርን እንበል፤ 20ዎቹ ማንበብ እንደማይችሉ ነገሩን፤ 40ዎቹ ሙሌቱን ሠሩ። በ4ኛ ክፍል ምንባብ 24ቱ ከ60 በመቶ በላይ፣ 9ኙ በመካከል፣ 7ቱ ከ40 በታች አገኙ። በ6ኛ ክፍል ምንባብ 15፣ 12 እና 13 ሆኑ። በግፊት ወረቀቱ ላይ ግን 6፣ 11 እና 23 ሆኑ።

ከዚህ የምናነበው የመጀመሪያው ነገር ወረቀቱ ከ6ኛ ክፍል ምንባብም በላይ የከበደ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ርቀቱ ነው፤ 24 ሰዎች በ4ኛ ክፍል ደረጃ የተጻፈን ነገር ብቻቸውን ሊረዱ እየቻሉ ወረቀቱ የደረሰው ለ6ቱ ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት 18 ሰዎች የጠፉብን በእነሱ ድክመት ሳይሆን በአጻጻፋችን ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፦ 6ቱን ለ40 አያካፍሉ፤ ለ60 ያካፍሉ። ወረቀቱ የሚታደለው ማንበብ ለማይችሉትም ጭምር ስለሆነ፣ ብቻውን ሥራውን የሠራው ለ10 በመቶዎቹ ብቻ ነው። ማንበብ የማይችሉትን ከሒሳብ አውጥቶ የሚቀርብ ሪፖርት የተቋሙን ኃላፊዎች ያሳስታል።

አማካይ ነጥብ ብቻ ይዞ መደምደምም አይገባም። ጥቂት በጣም የተማሩ ሰዎች አማካዩን ወደ ላይ ይስቡታል፤ መጻፍ ያለብን ግን ለዝቅተኛዎቹ ነው። በጎ አንባቢ በቀላል ጽሑፍ አይጎዳም።

ከአገር ውጭ ባሉ የሕክምና ተቋማት ለሚሠሩ ወገኖችም አንድ ማሳሰቢያ አለ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዋና ዋና ሰነዶች አማርኛን ጨምሮ ወደ ተለያዩ ቋንቋዎች እንዲተረጎሙ ምክንያት ሆኗል። እንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ ተለክቶ በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር እንደሚመከረው ከ6ኛ ክፍል በማይበልጥ ደረጃ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ያ ልክ ግን ከትርጉሙ ጋር አብሮ አይሻገርም። ቀላሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በተርጓሚው እጅ «በሚመለከተው የጤና ባለሙያ አማካኝነት» ዓይነት አማርኛ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል፣ የተተረጎመው ወረቀት በአማርኛ አንባቢዎች እንደ አዲስ መለካት አለበት።

ደረጃ 7፦ እጅ ሲሠራ ማየት

መረዳት በሙሌት ብቻ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ 395 ሕመምተኞች ላይ በተሠራ ጥናት «በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ፍሬ» የሚለውን የአወሳሰድ ትእዛዝ ዝቅተኛ የንባብ ችሎታ ካላቸው መካከል 70.7 በመቶዎቹ በትክክል በቃላቸው ሲናገሩ፣ በቀን መወሰድ ያለበትን ፍሬ ቆጥረው ማሳየት የቻሉት 34.7 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሙሌቱን ከሠሩት ውስጥ ለጥቂቶቹ ባዶ ብልቃጥና ባቄላ ወይም ሽምብራ አቅርበው እንዲህ ይበሉ፦ «አባቴ፣ በደንብ ገልጬልዎ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው፤ ነገ ከጠዋት እስከ ማታ የሚወስዱትን እዚህ ጋ ለይተው ያሳዩኝ።» ያገኙትን ከሙሌቱ ነጥብ አጠገብ ይጻፉት። ሙሌቱን በደንብ ሠርቶ ቆጠራውን የሚስት ሰው ካጋጠመ ችግሩ ያለው ቁጥር በገባበት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ እንደገና መጻፍና እንደገና መለካት

የተሳሳቱትን መልሶችና በቀይ የተሰመሩትን ቦታዎች ፊት ለፊት ዘርግታችሁ ወረቀቱን አዲስ ጻፉ። ያ የ27 ቃላት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የግፊት መድኃኒትዎን በየቀኑ ይውሰዱ። ደህና ቢሆኑም አያቋርጡ። ካቋረጡ ልብዎ፣ ኩላሊትዎ ወይም አንጎልዎ ሊጎዳ ይችላል። መጠኑን የሚቀይረው ሐኪም ብቻ ነው።» አሁን በአራት ዓረፍተ ነገሮች 19 ቃላት አሉ፤ የአንዱ ዓረፍተ ነገር አማካይ ርዝመት ከ5 ቃላት በታች ወርዷል፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ፊደል ያላቸው ቃላት 2 ብቻ ናቸው፤ አሉታውም አንድ ነው። ያለቀለት ይመስላል፤ ነገር ግን ቆጠራው ስለቀለለ ብቻ ጽሑፉ ቀሏል ማለት አይደለም። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ማያያዣቸው ሲቆረጥ አንዳንድ ጊዜ ምክንያትና ውጤቱን ያለያያሉ። ስለዚህ አዲሱን ጽሑፍ የቀድሞውን ላላዩ ሌሎች ሕመምተኞች ሰጥታችሁ በደረጃ 5 መንገድ ለኩት። ያው ሰው ሁለቱንም ከሠራ የሚሻሻለው ስለለመደው ሊሆን ይችላል።

ማንበብ ለማይችሉት 20 ሰዎች የሚሆነው ሥራ ከዚህ ይለያል። ፀሐይ ስትወጣና ጨረቃ ሲታይ የሚያሳይ ሥዕል ከፍሬው ቁጥር ጋር ማቅረብ ይቻላል፤ ሥዕሉም ግን እንደ ጽሑፉ ይፈተን፤ ለእኛ ግልጽ የሆነው ቀስት ወይም የመስቀል ምልክት ለሌላው ምንም ላይናገር ይችላል። ቤታቸው የሚያነብላቸው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጅ ከሆነች የወረቀቱ እውነተኛ አንባቢ እሷ ናት፤ የሚለካውም በእሷ ደረጃ ነው። ወረቀቱን ለሚያብራራው ባለሙያም ሆነ ቤት ለቤት ለምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እንደ ንግግር እንዲሰማ አድርጎ መጻፍ ለእነዚህ ሕመምተኞች ትልቅ እርዳታ ነው።

ወረቀቱ ለኅትመት ሲሄድ ከግርጌው በትንሽ ፊደል ሦስት ነገሮች ይጻፉበት፦ የተለካበት ወርና ዓመተ ምሕረት፣ የለኩት ሕመምተኞች ቁጥር፣ ከእነሱም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ ያገኙት ስንት እንደሆኑ። መድኃኒቱ ወይም የአወሳሰዱ መመሪያ በተለወጠ ጊዜ፣ አንዲት አንቀጽ እንኳ ብትጨመር፣ ያ ቁጥር ይሰረዝና ልኬቱ ከደረጃ 4 ጀምሮ ይደገማል።